ለእህቴ የኬታሚን ሕክምና ስንፈልግ ያየናቸው ክሊኒኮችና ሒሳባቸው

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልበል። ድባቴው በኪኒን አልለቅ ላለው ሰው ኬታሚን የምታፈላልጉ ከሆነና ኢንሹራንስ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ስፕራቫቶ የሚባለውን የአፍንጫ ስፕሬይ ጠይቁ። በደም ሥር የሚሰጠውም ጥሩ ሕክምና ነው። ግን ከኪሳችሁ ነው የሚወጣው፣ አንዴ ከፍላችሁ የምትገላገሉትም አይደለም።

እኛ ሁለቱንም አይተናል። ታካሚዋ ታናሽ እህቴ ናት። እኔ ሾፌሯም ጸሐፊዋም ነኝ፤ ስልክ የምደውለው፣ ፎርም የምሞላው፣ ከኢንሹራንሱ ጋር የምነታረከው እኔ ነኝ። ስለ እሷ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። የምንኖረው አሜሪካ ስለሆነ ስለ ክፍያ የምለው ሁሉ የዚህ አገር አሠራር ነው።

ኢንሹራንስ ለምን ለአንዱ ከፍሎ ለሌላው እምቢ እንደሚል ማወቅ ብዙ ንዴት ይቀንሳል። ኬታሚን አዲስ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ነው የተሠራው፣ በ1970 አሜሪካ ውስጥ ለማደንዘዣነት ተፈቀደ፣ እስከ ዛሬም ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ይሠራበታል። በ2000 የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ለድባቴም ሊረዳ እንደሚችል በጣም ጥቂት ሕሙማን ላይ ሞክረው ጻፉ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች ሌላ መድኃኒት ሞክረው ያልተሻላቸው ሰዎች ላይ በሰዓታት ውስጥ ለውጥ አዩ። የተለመዱት የድባቴ ኪኒኖች ሳምንታት ነው የሚፈጁት፣ ስለዚህ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚጠብቅ ሰው ያለበት ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ችግሩ መድኃኒቱ አሮጌ ነው። የባለቤትነት መብቱ ካለቀ ቆይቷል፣ ማንም ፋብሪካ ለድባቴ ለማስፈቀድ ብሎ ትልቅ ጥናት ላይ ገንዘብ አያፈስም። ስለዚህ በደም ሥር የሚሰጠውን ኤፍዲኤ፣ ማለትም የአሜሪካ መድኃኒት ፈቃጅ መሥሪያ ቤት፣ ለድባቴ ብሎ አልፈቀደውም። ሐኪም በራሱ ውሳኔ ሊያዘው ይችላል፣ ሕጋዊ ነው፣ ኢንሹራንሶች ግን አብዛኞቹ ይህንኑ ምክንያት አድርገው አይከፍሉም።

ኬታሚን እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚመሳሰሉ ሁለት ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን አንዱን፣ ኢስኬታሚን የሚባለውን፣ ለይቶ በአፍንጫ የሚነፋ አደረገውና ስፕራቫቶ ብሎ አወጣው። ማርች 2019 ላይ ኤፍዲኤ ፈቀደው። መጀመሪያ ከሌላ የድባቴ ኪኒን ጋር ብቻ ነበር የሚሰጠው፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ግን ብቻውንም ተፈቅዷል። የተፈቀደ ስለሆነ ኢንሹራንሶች ይከፍሉበታል፣ መንግሥት ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ያዘጋጀው ሜዲኬርም፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ያለው ሜዲኬይድም ጭምር። በነጻ ማለት ግን አይደለም።

አሁን ወደ ክሊኒኮቹ። ስማቸውን አልጠቅስም።

የመጀመሪያው በደም ሥር የሚሰጥ ክሊኒክ ነው። ወደዚያ የሄድነው በዚያው ሳምንት ሊቀበሏት ስለቻሉ ነው፣ ሌሎቹ ቀጠሮ አርቀው ነበር የሚሰጡት፣ እሷ ደግሞ የምትጠብቅበት ሁኔታ ላይ አልነበረችም። ቤቱ ያምራል። ለስላሳ ወንበር፣ ብርድ ልብስ፣ የዓይን መሸፈኛ፣ ሙዚቃ፣ ሁሉም አለ። ግን ገና ስሟን ሳይጨርሱ ክሬዲት ካርድ ነው የጠየቁን። ቀጥሎ የመጣው የ6 ጊዜ ጥቅል ነው። በአንዴ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለው፣ ካቋረጣችሁ ግን ገንዘቡ አይመለስም። ይህን ወረቀት ያቀረበችልን የሪሴፕሽን ሠራተኛ ናት፣ ሐኪሙን ሳናየው! ለአንድ ሰው መድኃኒቱ ይስማማው አይስማማው ሳይታወቅ የ6 ጊዜ ዋጋ ማስከፈል ትክክል ነው ብዬ አላምንም። በየጊዜው እንከፍላለን አልን፣ ትንሽ ፊታቸውን አጨፈገጉ፣ ግን ተቀበሉ።

አሜሪካ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው በብዙ ቦታ ለአንድ ጊዜ ከ400 እስከ 800 ዶላር ነው። የተለመደው አጀማመር በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ 6 ጊዜ ነው፣ ከዚያ ድባቴው ሲመለስ አልፎ አልፎ ማጠናከሪያ ይሰጣል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። የ6 ጊዜውን ዋጋ አስልቶ፣ ተበድሮም ቢሆን አዘጋጅቶ ይመጣል፣ የማጠናከሪያው ዋጋ ግን ሒሳቡ ውስጥ የለም። ድባቴ ተመላላሽ በሽታ ነው። ለ6 ጊዜ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ቀጣዩ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። መድኃኒቱ ራሱ ርካሽ ነው፣ የአንዱ ብልቃጥ ዋጋ ከጠቅላላው ሒሳብ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የምትከፍሉት ለወንበሩ፣ ለነርሷ፣ ለመከታተያ ማሽኑና ለሐኪሙ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የሌለበት፣ ነርሷ ከክፍል ክፍል የምትሮጥበት ክሊኒክ ለምን 700 ዶላር እንደሚያስከፍል መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ነርሷን ግን ማመስገን አለብኝ። የደም ግፊቷን እየለካች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እያነጋገረቻት፣ አንዴም ብቻዋን አልተወቻትም። መድኃኒቱ በ40 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። እህቴ ከሰውነቷ የተለየች ያህል እንደተሰማት፣ ሰዓቱ እንደተንዛዛባት፣ ግን እንዳልፈራች ነግራኛለች። ማቅለሽለሽ ነበራት። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ ብዙ ቦታ አይሰጧችሁም።

ውጤቱስ? ሰው የሚጠብቀው ከወንበሩ ስቃ እንድትነሳ ነው። እንደዚያ አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስልክ ማንሳት ጀመረች። ሳልነግራት ፀጉሯን ታጠበች። አንድ ቀን የሆነ ነገር አልጣማትም መሰለኝ፣ ተቆጣችኝ። በጣም ደስ አለኝ፣ ከዚያ በፊት ለመቆጣትም አቅም አልነበራትም።

ክፍያው ላይ ሁለት ነገር አስቀይሞኛል። አንደኛው፣ "ሱፐርቢል እንሰጣችኋለን፣ ኢንሹራንሳችሁ ይመልስላችኋል" ብለው ነበር። ሱፐርቢል ማለት የተደረገላችሁን ሕክምና በኮድ የሚዘረዝር ደረሰኝ ነው። ላክነው። ኢንሹራንሱ ለሐኪሙ ምርመራ ትንሽ ነገር መለሰ፣ ለኬታሚኑ ምንም። "ይመልሳል" እና "ልታመለክቱ ትችላላችሁ" የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ክሊኒኩ ልዩነቱን ያውቃል። ሁለተኛው፣ ገንዘብ ካጠራችሁ ብለው የሕክምና ክሬዲት ካርድ እንድናወጣ ደጋግመው ገፋፉን። እንዲህ ዓይነት ካርድ ለተወሰኑ ወራት ወለድ የለውም ይባላል፣ ግን ጊዜው ሲያልቅ ትንሽ ዕዳ እንኳ ከቀረባችሁ ወለዱ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ይመጣባችኋል። በድባቴ የተያዘ ሰው ደግሞ የክፍያ ቀን የሚረሳ ሰው ነው። ይህን ለእንዲህ ያለ ታካሚ መግፋት ነውር ነው።

ኤችኤስኤ ወይም ኤፍኤስኤ የሚባለው የጤና ቁጠባ ያላችሁ በእሱ ክፈሉ፣ ከታክስ በፊት የተቀመጠ ገንዘብ ስለሆነ ይቀንስላችኋል። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው መብት ደግሞ አለ። ከ2022 ጀምሮ ያለ ኢንሹራንስ ወይም ከኪሱ ለሚከፍል ሰው ሐኪሙ ወይም ክሊኒኩ የግምት ዋጋ በጽሑፍ መስጠት አለበት። የመጨረሻው ሒሳብ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ ሒሳቡ በደረሳችሁ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ትችላላችሁ። እኛ ወረቀቱን ስንጠይቅ የድምፅ አወጣጣቸው ራሱ ተቀየረ። ሳይጠየቁ ግን አልሰጡንም።

ለዚህ ክሊኒክ ከ5 ኮከብ 2። ሁለቱም ለነርሷ።

ሁለተኛው ክሊኒክ የአፍንጫ ስፕሬይ የሚሰጥ ተራ የአእምሮ ሕክምና ቢሮ ነው። ግድግዳው ልሙጥ፣ ወንበሩ የጥርስ ሐኪም ቤት ዓይነት። እዚያ ያገኘናት የኢንሹራንስ ጉዳይ ሠራተኛ ግን ከሐኪሞቹ እኩል ሕይወት አድናለች ብል አላጋነንኩም።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ካርድ አልነበረም። እህቴ እስከዛሬ የወሰደቻቸውን የድባቴ መድኃኒቶች ስም፣ መጠን፣ የጀመረችበትንና ያቆመችበትን ቀን ነው የጠየቀችው። ምክንያቱ ይህ ነው። ስፕራቫቶ በዋናነት የተፈቀደው ቢያንስ ሁለት የድባቴ መድኃኒት በበቂ መጠን፣ ለበቂ ጊዜ ወስዶ ላልተሻለው ሰው ነው። ኢንሹራንሱ ይህን በወረቀት ካላየ ፕራየር ኦቶራይዜሽን የሚሉትን ቅድመ ፈቃድ አይሰጥም። ከቃል ወረቀት ይሻላልና በቀጥታ የመድኃኒት ቤቱን ዝርዝር አሳትሙ። መድኃኒት ቤቱ ምን መቼ እንደተወሰደ ሁሉ መዝግቦ ይዟል፣ ስትጠይቁት ያትምላችኋል። የቀድሞ ሐኪም ካለ ማስታወሻውንም አስልኩ፣ ኪኒኑ ለምን እንደቆመ የሚናገረው እሱ ነው።

ከዚያ የድባቴውን ክብደት የሚለካ ፎርም አለ፣ ፒኤችኪው 9 ይባላል። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 27። ኢንሹራንሱ የሚያየው ይህን ቁጥር ነው። እዚህ ላይ የእኛን ሰው አውቀዋለሁ፣ "እንዴት ነሽ?" ሲባል "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ የሚጀምር ሰው ፎርሙም ላይ ያንኑ ይጽፋል። እባካችሁ እንዳለው ሙሉት። አታጋንኑ፣ ግን አትሸፋፍኑም። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው ካለ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሜዲኬይድ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ፎርሙም በአማርኛ ተተርጉሟል። ስለ ራስ ማጥፋት ሐሳብ ሲጠየቅ ወንድም ወይም ልጅ እያስተረጎመ እውነቱን የሚናገር ሰው ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ ከለከሉን። አንደኛውን ኪኒን በቂ ጊዜ አልወሰደችም አሉ። ሠራተኛዋ አልደነገጠችም፣ ሐኪሙ ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በስልክ እንዲነጋገር አደረገች፣ ኪኒኑ የቆመው የጎንዮሽ ጉዳት ስላመጣባት እንደሆነ አስረዳ፣ ፈቃዱ መጣ። እንቢታ ማለቂያው አይደለም ማለቴ ነው። ይግባኝ አለ፣ ይግባኙም ካልሠራ ከኢንሹራንሱ ውጪ ባለ ገለልተኛ አካል የማስገምገም መብት አለ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን ብቻ አታሳልፉ።

ዋጋውስ? ስፕራቫቶ ሲወጣ የፋብሪካው ዋጋ ለአንድ ጊዜ በ56 ሚሊ ግራም 590 ዶላር፣ በ84 ሚሊ ግራም 885 ዶላር ነበር፣ መድኃኒቱ ብቻ። ከሥራ ቦታ ወይም ከራሳችሁ የገዛችሁት የግል ኢንሹራንስ ካላችሁ የፋብሪካው የቅናሽ ፕሮግራም ለመድኃኒቱ የምትከፍሉትን በየጊዜው እስከ 10 ዶላር ሊያወርደው ይችላል። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ ያለው ሰው ይህን ቅናሽ መጠቀም አይችልም። የክሊኒኩ ቆይታና የሐኪሙ ክፍያ ደግሞ ለብቻው ነው። ይህን ለይታችሁ ጠይቁ። "10 ዶላር" ሰምታችሁ ሄዳችሁ የቆይታው ሒሳብ ቤታችሁ ሲመጣ እንዳትደነግጡ።

የሚያደክመው ጊዜው ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ እስከ 8ኛው በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ። ስፕሬዩ ቤት አይወሰድም፣ ራሷ ትነፋዋለች፣ ግን የሕክምና ባለሙያ ፊት ነው። ከዚያ ቢያንስ 2 ሰዓት ቁጭ ብሎ መታየት ግዴታ ነው፣ የደም ግፊትም ይለካል። እስከ ማግስቱ፣ ደህና እንቅልፍ ተኝታ እስክትነሳ ድረስ፣ መኪና አትነዳም። ከመሄዷ 2 ሰዓት በፊት ምግብ የለም፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ደግሞ ፈሳሽም የለም። ጉሮሮዋ ላይ የሚወርደው ጣዕም መራራ ነው፣ ከረሜላ ይዛ ትሄዳለች።

ለሥራዋ ኤፍኤምኤልኤ የሚባለውን የሕመም ፈቃድ ሞላንላት። 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ድርጅት ውስጥ ዓመት የሠራ ሰው ይህን እየቆራረጠ መውሰድ ይችላል፣ የሚጠየቀውን የሥራ ሰዓት እስከሞላ ድረስ። ደሞዝ አይከፈልበትም፣ ሥራውን ግን ይጠብቃል። ሕጉ ለእኔ አይሠራም። ባልን፣ ሚስትን፣ ልጅን፣ ወላጅን ለማስታመም ነው እንጂ እህትን አይጨምርም። ስለዚህ ሽፍት እየቀያየርኩ ነው የማደርሳት። ይህ ክሊኒክ ማታ ቀጠሮ የለውም፣ ቅር የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ከ5 ኮከብ 4 ተኩል።

ሦስተኛ መንገድ አለ፣ በኢንተርኔት ሐኪም አነጋግራችሁ ከምላስ ሥር የሚሟሟ ኬታሚን በፖስታ የሚልኩላችሁ። ዋጋው ከሁሉም ያንሳል፣ ለዚህም ነው ሰው የሚሳበው። እኛ አልሞከርነውም፣ አንሞክርምም። ኤፍዲኤ ኦክቶበር 2023 ላይ በመድኃኒት ቤት ተቀምሞ ቤት ስለሚወሰድ ኬታሚን ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ቤቱ ሆኖ የወሰደ አንድ ታካሚ አተነፋፈሱ ቀንሶበት እንደነበርና ደሙ ውስጥ የተገኘው መጠን ለማደንዘዣ ከሚሰጠው እጥፍ ያህል እንደነበር ጽፏል። የደም ግፊት የሚለካ ሰው በሌለበት፣ ብቻውን ለሚኖር፣ የመሞት ሐሳብ ላለው ሰው መድኃኒቱን በፖስታ መላክ እኔ አይዋጥልኝም።

ዘመድ ሁሉ "ያ የአሜሪካ ተዋናይ የሞተበት አይደለም ወይ?" እያለ ይጠይቀናል። ማቲው ፔሪን ነው የሚሉት፣ ኦክቶበር 2023 የሞተውን። እሱ ክሊኒክ ውስጥ የወሰደው ከሳምንት በላይ ቀድሞ ነበር። የገደለው ከዚያ ውጪ በሕገወጥ መንገድ ያገኘው፣ በማደንዘዣ መጠን ሰውነቱ ውስጥ የተገኘው ነው፣ ሞቶ የተገኘውም ውሃ ውስጥ ነበር። ሐኪሞች ሳይቀሩ ተከሰውበታል። ስለዚህ ፍርሃቱ ተገቢ ነው፣ ግን ፍርሃቱ ክትትል የሌለበት ኬታሚን ላይ ይሁን።

ለሁሉም ሰው እንደማይሆን ደግሞ እወቁ። ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ የደም ሥር ግድግዳ መወጠር (አኑሪዝም)፣ ከዚህ በፊት የአንጎል ደም መፍሰስ፣ የቅዠትና የእውነት መቀላቀል ችግር ወይም እርግዝና ካለ መነገር አለበት። ብዙ ሲወሰድ የሽንት ፊኛን ይጎዳል። ሁለተኛው ክሊኒክ ስለ ሽንት በየጊዜው ይጠይቃታል፣ የመጀመሪያው አንዴም አልጠየቀም። ክሊኒክ ስትመርጡ ይህቺን ጥያቄ ጠብቁ፣ ብዙ ትነግራችኋለች።

ለሁሉም አይሠራም ደግሞ። በ2023 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በደም ሥር የሚሰጠውን ኬታሚን ለአንጎል በኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ሕክምና ጋር አወዳድሮ ነበር። ኬታሚን ከወሰዱት 55 በመቶ፣ ኤሌክትሪኩን ከወሰዱት 41 በመቶ ያህሉ በደንብ ተሻላቸው። ጥሩ ቁጥር ነው፣ ግን ከ100 ሰው 45ቱ አልተሻላቸውም ማለትም ነው። ያልተሻለው ሰው ያለቀለት አይደለም፣ ሌላ መንገድ አለ፣ ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ሊነግራችሁ ይገባል። ቀጠሮ እየጠበቃችሁ ሐሳቡ ከከፋባችሁ 988 ደውሉ፣ በመላው አሜሪካ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

አሁን እህቴ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የምትሄደው። ቅድመ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ስላለው በየጊዜው ይታደሳል፣ ለማደስም የተሻላት መሆኑን የሚያሳይ የፎርም ውጤት ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ውጤት ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ጃንዋሪ ሲገባ ደግሞ በአብዛኛው ኢንሹራንስ ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት መጠን፣ ከዜሮ ይጀምራል፣ የቆይታው ሒሳብ እንደገና ከኪስ ይሆናል። እኛ ከዲሴምበር በፊት የክሊኒኩን ሠራተኛ ደውለን የጃንዋሪውን ግምት በጽሑፍ እናስልካለን፣ ካስፈለገም በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል እንነጋገራለን። ያለ ወለድ ነው የሚያከፋፍሉት።